የተሟሹት ቱቦዎች

ተፈትጎ የተወለወለ ብረት ውኃ በደንብ ያፈላል ይባላል። ሐሰት ነው። ውኃ ከመጠን በላይ የለሰለሰ ብረት አይወድም። ፍላቱ የሚጀምረው ከሻካራው ቦታ፣ ከጭረቱ፣ ዓይን ከማያያት ቀዳዳ ነው። እኛ እንደ መስታወት የሚያበራ ድስት አይተን የምናደንቀውን ያህል ውኃው አያደንቀውም።

እዚህ ባሕር ዳር፣ በተለይ ዓባይ ማዶ፣ ሌላም ነገር ይባላል። ታረቀኝን የገደለው መሐንዲሱ ነው ይባላል። ይህም ሐሰት ነው። ሁለቱ ሐሰቶች የሥጋ ዘመዳሞች መሆናቸውን ከሚያውቁት ሰዎች በሕይወት የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ባለፈው ሳምንት ደግሞ ዝም የምልበት ምክንያት ከመሬት በታች ገባ።

የእትዬ የሻረግ ሰልስት ላይ ተቀምጬ ነበር። እትዬ የሻረግ የታረቀኝ ባለቤት ናቸው። ድንኳኑ የተተከለው ዓባይ ማዶ፣ ቤታቸው በራፍ ላይ ነው፤ ባጃጆቹ ለሐዘንም ለሠርግም አንድ ዓይነት ጡሩምባ እየነፉ በድንኳኑ ጥግ ያልፋሉ። ከጎኔ የተቀመጠ፣ ታረቀኝ ሲሞት ገና ያልተወለደ ጎልማሳ፣ ንፍሮውን እየቆረጠመ «ምስኪን፤ ያ መሐንዲስ ባላቸውን ቀቅሎባቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ ብቻቸውን ኖሩ» አለ።

«ነፍሱን አይማረው» ብሎ ሌላው ተቀበለው።

የያዝሁትን ንፍሮ ወደ ሳሕኑ መለስሁ። ልቅሶ ቤት ክርክር አይገባም፤ እኔ ደግሞ መከራከር ከጀመርሁ መቆሚያ የለኝም። ተነሥቼ ወጣሁ።

ያኔ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ወጥቼ፣ ሐይቁ ዳር በነበረች አንዲት ትንሽ ፋብሪካ ተቀጠርሁ። ፋብሪካዋ ኑግ ትጨምቃለች፣ ሳሙና ታበስላለች። የገነባት ነጋዴ ተወርሶበት ነበርና ስሟ ተነሥቶ ቁጥር ተሰጥቷታል፤ ዛሬ ቦታው ላይ የእንግዳ ማረፊያ ቆሟል። ስለ ጣና የሚጽፉ ሰዎች ሁሉ ስለ ጀምበር መጥለቂያና ስለ ታንኳ ይጽፋሉ። ለእኛ ጣና ዝገት ነበር። ክረምት ሲገባ እርጥበቱ ከውኃው ተነሥቶ በመስኮት ይገባና ያገኘውን ብረት ሁሉ ይልሳል፤ ብስክሌቴን ማታ ካልወለወልሁ ጠዋት ሰንሰለቱ ቀይ ሆኖ ይጠብቀኝ ነበር። ልብሳችን፣ ፀጉራችን፣ እንጀራችን ሳይቀር ኑግ ኑግ ይሸት ነበር። ቅዳሜ ከሐይቁ ዳር አሣ ገዝተን ስንጠብስም፣ ሌላ ዘይት የለንምና፣ አሣውም ኑግ ይሸታል።

የፋብሪካዋ ልብ ቦይለሩ ነበር። በብረት ቱቦዎች ውስጥ ውኃ ይሄዳል፣ ከውጭ የባሕር ዛፍ እንጨት ይነድዳል፣ የሚወጣው እንፋሎት መጭመቂያዎቹንና የሳሙናውን ጋኖች ያሞቃል። የእኔ ሥራ የሚገባውን ውኃ መመርመር ነበር፤ ነጭ ቅርፊት እንዳይሠራ። እሳቱ የጋሼ ታረቀኝ ነው። ጋሼ ታረቀኝ የዘጌ ሰው ናቸው፣ የደብተራ ልጅ። ዜማውን ጀምረው ሳይጨርሱ ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ወጥተዋል፤ ያልጨረሱትን እሳቱ ፊት ቆመው ይጨርሱታል። ቦይለሩን «እማሆይ» ይሉት ነበር። ጥቁር ለብሶ ቀኑን ሙሉ ስለሚያጉረመርም ነው።

«ውኃ ልቀዳ ነው ጋሼ» ስላቸው፣

«ቀስ በል እንግዲህ፤ እማሆይ ጸሎት ላይ ናቸው» ይሉኛል።

መሐንዲሱ ግርማቸው ይባላል። የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ያኔ ወንድም አገር ይባሉ ከነበሩት ባንዱ ተምሮ መጥቶ፣ ወደ እኛ የተላከ። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ቀጭን፣ ዓይነ አፋር፣ የመነጽሩ ክንድ በሽቦ የታሰረ። አሣ መብላት አያውቅበትም፤ እሾሁን አንድ በአንድ ለቅሞ ሳሕኑ ጠርዝ ላይ ሲደረድር፣ እኛ በልተን ጨርሰን እጃችንን ታጥበን እንስቅበታለን። የተማረው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በሚጋይ ቱቦ ውስጥ ስለሚፈላ ውኃ። ሰው ለዚህ ብሎ ከአገሩ ወጥቶ አምስት ዓመት መቀመጡ ይገርመኝ ነበር። አሁን አይገርመኝም። ከዚህ በባሰ ነገር ዕድሜያቸውን የጨረሱ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ፣ ራሴንም ጨምሮ።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ሁለት ቁራጭ ብረት የእሳቱ በር ጫፍ ላይ አስቀመጠ። አንዱ ተወልውሎ በዘይት ጨርቅ የታሸ ነው። ሌላው ዝናብ ሲመታው የከረመ፣ የደበዘዘ። ሲግሉ በጣቱ ውኃ ጠብ አደረገባቸው። በደብዛዛው ላይ ጠብታው ተዘርግቶ ቸስ ብሎ ጠፋ። በተወለወለው ላይ ተድበልብሎ እንደ ዶቃ ተንከባለለና ወደቀ።

«አያችሁ? ይኼ ውኃውን ይይዘዋል፤ ያኛው ይገፋዋል። ቱቦ በሕይወት የሚኖረው ውኃ እስከነካው ድረስ ነው። እሳቱ ሲበረታ አረፋው ይበዛል፤ ሲበዛ ይያያዝና በብረቱና በውኃው መካከል እንደ ጋቢ ይዘረጋል። ከዚያ ወዲያ ብረቱ ብቻውን ነው፤ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይቀደዳል። እሳቱን እስከ የት እንደሚችል የሚወስነው ገጹ ነው። ይኼ ደብዛዛው ብዙ ይችላል።»

ጋሼ ታረቀኝ ብረቱን ጎንበስ ብለው አዩት። «ይኼን ነገር ለየሻረግ ንገርልኝ ኢንጂነር። ታጠብ፣ ታጠብ እያለች መከራዬን ታበላኛለች። ለካ እንዲህ መሆኔ ነው ያቆየኝ።»

ሳቅን። እትዬ የሻረግ አልነበሩም። እሳቸው የሚሠሩት ኑግ በሚያበጥሩት ሴቶች ዘንድ ነው፤ ሴቶቹ ምሳቸውን የሚበሉት በግቢው ማዶ፣ ከማንጎው ሥር ነበር። ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ አስቤዋለሁ፤ ማንጎው ትንሽ ወደ እኛ ቀረብ ብሎ በቅሎ ቢሆን።

የዚያ ዓመት ክረምት፣ ከእሳቱ ፊት የሚቆሙት ቱቦዎች ሳስተው ነበርና አዲሶች ከውጭ መጡ። ለጉዞ ሲባል ውስጣቸው ግሪስ ተቀብቶ ነበር። ግርማቸው እጅጌውን ጠቅልሎ በሶዳና በአሲድ ራሱ አጠባቸው። ሲደርቁ ውስጣቸው ብርሃን አልነበረውም፤ አመድማ፣ የዝገት ዳርዳርታ ያለው ገጽ ነበር። እሱ የሚፈልገው ያንኑ ነው። መጋዘን ውስጥ ደርድሮ «እንዳትነኳቸው» አለንና ማጣበቂያና ማሸጊያ ሊያመጣ አዲስ አበባ ወረደ። የክረምት መንገድ ነው፤ ዓባይ በረሃ ላይ ናዳ ወርዶ መኪናው ቆመ፤ ቀኑም አለፈ።

እሱ በሌለበት የአብዮት በዓል ደረሰ። ከላይ እንግዶች ይመጣሉ ተባለ፤ ካድሬያችን ሁሉ ነገር ማብራት አለበት አለ። በዚያ ዘመን ያልኖረ ሰው ይህን ቃል በትክክል አይረዳውም። የመንገዱ ዳር ድንጋይ ኖራ ተቀባ። የዘንባባዎቹ እግር ኖራ ተቀባ። ግቢያችን ውስጥ ዝንጀሮ ቢኖር እሱንም ኖራ እንቀባው ነበር። እኛ ወንዶቹ ወደ ጢስ ዓባይ በሚወስደው መንገድ ድንጋይ እንድናነጥፍ ተላክን፤ ሴቶቹ መጋዘኑን እንዲያጸዱ ተመደቡ።

እትዬ የሻረግ መጋዘን ገብተው ቱቦዎቹን አዩ። ያዩት አዲስ ዕቃ ነው፤ ደግሞም እርጥበት የጀመረው ዕቃ። እሳት ላይ የሚወጣ ዕቃ። ባላቸው ቀኑን ሙሉ ፊቱ የሚቆሙለት ዕቃ። አዲስ ሸክላ ምን እንደሚደረግ ደግሞ ማንም የአገሬ ሴት ታውቃለች፤ ይፈተጋል፣ ዘይት ይቀባል፣ በቀስታ ይሞቃል፣ እንዳይሰነጠቅ፣ እንዳይዝ። ይሟሻል። ሴቶቹ ገመድ ላይ ጨርቅ አስረው፣ አመድና አሸዋ ይዘው፣ የቱቦዎቹን ውስጥ እስኪያበራ ድረስ ፈተጉ። ከዚያ ጨርቁን ኑግ ውስጥ እየነከሩ አሳለፉበት። ከዚያ የባሕር ዛፍ ቅጠል አንድደው በለሰለሰ እሳት እያገላበጡ አሞቁት፤ ደግሞ ቀቡት። በፋብሪካችን የተትረፈረፈ ነገር ቢኖር ኑግ ነው። ያ ሁሉ ዘመቻ ሲታወስ፣ ማንም ሳያዝዝ በፍቅር የተሠራ አንድ ሥራ ቢኖር ይህ ነበር።

እኛ ስንመለስ፣ ካድሬው ለበዓሉ ይድረስ ብሎ ያስቀራቸው የጥገና ሠራተኞች ቱቦዎቹን ቦይለሩ ላይ ገጥመው ጨርሰው ነበር። በቀዝቃዛ ውኃ ተፈተኑ፤ አለፉ። በቀዝቃዛ ውኃ የማያልፍ ነገር የለም።

ግርማቸው በዓሉ ሊሆን ሲል ደረሰ። ከማቃጠላችን በፊት ቦይለሩን በለሰለሰ እሳት ሶዳ አፍልተን እንጠበው ብሎ ጠየቀ። ካድሬው ቢሮ ስንገባ አብሬው ነበርሁ።

«ጓድ ኢንጂነር፣ አብዮቱ ሶዳ እስኪፈላ አይጠብቅም።»

«ጥቂት ቀን ነው።»

«ቱቦዎቹን ራስህ አጥበሃቸው የለም እንዴ?»

«አጥቤያቸዋለሁ።»

«እና?»

ግርማቸው መነጽሩን አወለቀና ጠረገ። አጥቧቸው ነበር። ስለ ዘይቱ የሚያውቅ ወንድ በፋብሪካው ውስጥ አልነበረም።

በዓሉ ዕለት ሰማዩ ጠርቶ ነበር። አደይ በየአጥሩ ሥር ወጥቷል፣ ሐይቁ ጸጥ ብሏል፤ እንደዚያ ዓይነት ቀን አይታመንም። ግርማቸው ለጋሼ ታረቀኝ የግፊት መለኪያውን በጣቱ አሳይቶ «እዚህ ጋ ያቁሙልኝ፤ ለሁለት ሳምንት ከዚህ አይለፍ» አላቸውና፣ እንግዳ ለመቀበል ተሰልፍ ስለተባለ ወጣ። እኔ ከግድግዳው ወዲያ ውኃ እየቀዳሁ ነበር። ካድሬው አዲስ ካኪውን ለብሶ ሲገባ በመስኮቱ አየሁት።

«ጭስ የለም እንዴ? ፋብሪካው የሞተ ይመስላል። ጨምር።»

«ኢንጂነሩ እዚህ ላይ አቁም ብሎኛል ጌታዬ።»

«ጌታዬ አትበለኝ። ጨምር።»

ጋሼ ታረቀኝ ጨመሩ። ዜማቸውን አቁመው ነበር፤ ይህን አስታውሳለሁ። ካድሬው ጭሱ ሲወፍር አይቶ ወጣ። የማርሽ ባንዱ በሩ ላይ መጫወት ጀመረ።

ድምፁ የቦምብ ድምፅ አልነበረም። ወፍራም ሸራ ሲቀደድ የሚሰማው ዓይነት ነበር፤ ከዚያ ረጅም፣ የማያቋርጥ ጩኸት። ከእንግዶቹ አንዱ የበዓሉ ፊሽካ መስሎት አጨበጨበ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። እንፋሎቱ የእሳቱን በር በርግዶ ፍሙን ይዞ ወጥቶ ነበር። ጋሼ ታረቀኝ በሩ ፊት ነበሩ። እኔና ግርማቸው በጆንያ ጠቅልለን አወጣናቸው።

ሆስፒታል ጥቂት ሰነበቱ። ፊታቸው በፋሻ ተሸፍኖ አፋቸው ብቻ ይታይ ነበር። ግርማቸው አልጋቸው አጠገብ ሲቀመጥ ጠረኑን ለይተው «ኢንጂነር፣ እማሆይ እንዴት ናቸው?» አሉት።

«ደህና ናቸው» አለ ግርማቸው።

በማግሥቱ አረፉ።

የተቀደደውን ቱቦ ቆርጬ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሆዱ አብጦ እንደ ዓሣ አፍ ተከፍቷል። ውስጡን በእጄ ዳሰስሁት፤ በብረቱ ላይ ቡናማ፣ የሚያብለጨልጭ፣ እንደ ቫርኒሽ የለሰለሰ ሽፋን ነበረ። አሸተትሁት። የተቃጠለ ኑግ። ለግርማቸው ሰጠሁት። ውኃ ጠብ አደረገበት፤ ጠብታው ተድበልብሎ ተንከባለለ።

«ማን ነው ይኼን ያደረገው?» አለ። የጠየቀው ቱቦውን ይመስል ነበር።

መልሱን ያገኘነው ልቅሶ ቤት ነው። ሁለታችን ከወንዶቹ ጋር ተቀምጠናል። እትዬ የሻረግ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ ደረታቸውን እየደቁ፣ ወደ ግርማቸው ዞሩ። ተቆጥተው አልነበረም፤ እንደሚያውቅ ሰው ሊጠይቁት ነው።

«ኢንጂነር፣ አንተ ተምረሃል፣ ንገረኝ እስቲ። እንዴት ይፈነዳል? በእጄ ፈትጌ፣ በእጄ አሟሽቼ፣ ኑጉን አጠጥቼ፣ አንዲት ጭረት ሳላስቀርበት! እሱ ፊቱ የሚቆም ነው ብዬ። ሸክላ እንኳ እንደዚያ ተሟሽቶ አይሰነጠቅም። እንዴት?»

ግርማቸው አቀረቀረ። ከዚያ ቀና ብሎ «አላውቅም እትዬ» አላቸው። በዕድሜው ያጠናው ነገር ይኸው ብቻ ነበር፤ አላውቅም ያለው ስለ እሱ ነው።

ስንወጣ ወደ ሐይቁ ሄድን። ደንገሉ ሥር ተቀመጥን። እንጨት የጫነ ታንኳ ከዘጌ በኩል እየመጣ ነበር።

«ነገ ስብሰባ አለ» አለኝ። «እትዬ የሻረግ ይኼንኑ ቃል ይናገራሉ። ኮርተው ነው የሚናገሩት።»

ያ ምን ማለት እንደሆነ ለሁለታችንም ግልጽ ነበር። በእንግዶች ፊት ቦይለር ፈንድቷል፤ ካድሬው አሻጥረኛ ይፈልጋል። የመንግሥት ቱቦ ላይ ዘይት የቀባች ሴት ስትገኝ የማመዛዘን ፋታ አይሰጥም፤ በዚያ ዘመን ከዚህ ባነሰ ነገር ሰው ተወስዷል።

«ባይወስዷቸውም እንኳ» አለ ግርማቸው፣ «በእጃቸው መሆኑን ያውቁታል። ሞቱን ይችሉታል፤ ሰው ሞትን ይችላል። ይኼን ግን አይችሉትም።»

«እና ምን ልትል ነው?»

«ጥፋቱ የእኔ ነው እላለሁ። ሶዳውን አለማፍላቴ እውነት ነው። ፈልቶ ቢሆን ዘይቱን ያነሣው ነበር። እንግዲህ ውሸቴ ሙሉ ውሸት አይደለም።»

«ካድሬው ነው ጨምር ያለው። በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

«አንተ ደግሞ አልሰማህም» አለኝ። «እሱን ከነካኸው ምርመራው ይከፈታል፤ ሌሎቹም ቱቦዎች ይቆረጣሉ፣ ማን ቀባ ይባላል። እሳቸው እስካሉ ድረስ ዝም በል። ከእሳቸው በኋላ እንደፈለግህ።»

እምቢ አልሁ። ብዙ ተከራከርን። ታንኳው ደርሶ እንጨቱን አራግፎ ተመለሰ። በመጨረሻ እሺ ያልሁት አሳምኖኝ አይደለም፤ የእትዬ የሻረግ ድምፅ ከጆሮዬ አልወጣ ብሎ ነው። የተቆረጠውን ቱቦም ሲመሽ ከፋብሪካው አምጥተን ሐይቁ ውስጥ ጣልነው።

በስብሰባው፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ግርማቸው ተነሣ። «እሳቱን ያስጨመርሁት እኔ ነኝ። የቱቦውን ልክ አልፌያለሁ። ሌላ ሰው የለበትም» አለ። ካድሬው ትንሽ አፈጠጠበት። ማን ጨምር እንዳለ ያውቃል፤ እንዲህ ያለ ስጦታ ለምን እንደሚሰጠው ግን አልገባውም። ሳይገባውም ተቀበለው፤ ስጦታ መመለስ የሚያውቁ ሰዎች አልነበሩም። እትዬ የሻረግ ከሴቶቹ መካከል ተነሡ። ስለ ማሟሸቱ አንድም ቃል አልተነፈሱም፤ ጥፋተኛው ከተገኘ ወዲያ ምን ይጠየቃል? ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው «ዘር አይውጣልህ። የሚቀብርህ አትጣ አልልህም፤ እጣ» አሉት።

ግርማቸው እጅ እንደሚነሣ ሰው አጎነበሰ። ከዚያ ወሰዱት።

ዓመታት ታስሮ ተፈታ። ባሕር ዳር መጣ። ሳል ይዞታል፤ ፀጉሩ ሳስቷል፤ መነጽሩ አሁንም በሽቦ የታሰረ ነው። እትዬ የሻረግ በራፍ ድረስ አብሬው ሄድሁ። አንኳኳ። ከፍተው አዩት፤ በሩን ዘጉት፤ መወርወሪያው ሲገባ ሰማን።

«ደህና ናቸው» አለኝ ስንመለስ። «ክንዳቸው ጠንካራ ነው።» በዚያው ቀልዱ ሳቅሁ፤ ከዚያ ሁለታችንም መሳቁን አቆምን። ማታውን አሣ በላን፤ እሾሁን አንድ በአንድ ለቅሞ ደረደረ። እጄን ታጥቤ አልሳቅሁበትም። ብዙም ሳይቆይ አዲስ አበባ ሞተ። ሚስትም ልጅም አልነበረውም። ቀብሩ ላይ የነበርነው ሰዎች ጥቂት ስለሆንን ሬሳ ሳጥኑን ለመሸከም ተቸግረን ነበር።

እትዬ የሻረግን በየጊዜው እየሄድሁ እጠይቃቸው ነበር። ባለፈው ፋሲካ ለመጨረሻ ጊዜ አየኋቸው። ዓይናቸው ደክሟል። «ያ መሐንዲስ ሞተ አሉ?» አሉኝ፤ ሁልጊዜ ይጠይቁኛል፣ ሁልጊዜ ይረሱታል።

«ሞተ እትዬ፤ ቆይቷል።»

«እግዜር ይፍረደው። እኔማ የድርሻዬን አድርጌ ነበር። በእጄ ነው ያሟሸሁት፣ ታስታውሳለህ?» አሉና እጃቸውን አነሡልኝ። ደረቅ፣ የተሰነጣጠቀ፣ ቀጭን እጅ። ያ እጅ ያን ሁሉ ዘመን በኩራት ኖሯል። ግርማቸው በስሙ የገዛው ይህን ነው። ውድ ነበር ወይስ ርካሽ፣ እስከ ዛሬ አልወሰንሁም። ሰው እውነትን ማወቅ አለበት የሚሉ አሉ፤ እኔም በሌላ ጊዜ እንዲሁ እላለሁ። በዚያ በራፍ ላይ ግን አላልሁም።

አሁን እትዬ የሻረግ ከጋሼ ታረቀኝ ጎን ተቀብረዋል፤ የማንንም ቃል የሚሰሙ አይደሉም። ርግማኑ ግን እንደ ውርስ ለማያውቁት ልጆች ተላልፏል። ስለዚህ አንባቢዬ፣ ለመተከዝ ስትል ይኼን አንብበህ አትዝጋው። ዓባይ ማዶ የምታውቀው ሰው ካለ ዛሬውኑ ደውልለት፤ መሐንዲሱ አልገደለም በለው። ርግማኑን ወደ እትዬ የሻረግ ላዙር ካለህም፣ ዝም በል በለው።